እማማ ዚፕ ከመድኃኒቱ ሲደበቁ

እማማ ዚፕ በዕድሜያቸው ሙሉ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። መልስ ግን ሞልቷቸዋል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ደንበኛ ሲገባ እግራቸውን መሰብሰብ ያለባቸው ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። እዚያ ቁጭ ብለው የተበላሸ ዚፕ ይጠግናሉ። እግረ መንገዳቸውንም የተበላሸ ትዳርና የተበላሸ ጠባይ ያቃናሉ። አንድ እንግዳ ሰው የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ ከጠየቃቸው፣ «አላውቅም» ማለት የባለጌ መልስ ስለሚመስላቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አንዱን ይጠቁሙታል። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ቤቱ ያልገባ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ስሙን ያወጣላቸው መንገዱ ነው። «ዚፕ» ከሙያቸው መጣ፤ «እማማ» ደግሞ ከዕድሜያቸውና ያገኙትን ሁሉ ከመቆጣታቸው። ሹፌሩ እማማ ይላቸዋል፣ ረዳቱ እማማ ይላቸዋል፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሱሪያቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው «እማማ፣ እባክዎ» ይላሉ። ከደረጃው ወዲያ ማዶ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ብቻ ነው «አንቺ» የሚላቸው። ሁለቱ ከአንድ ደረጃ ሥር አብረው አርጅተዋል፤ ያላስጣላቸው ነገር የለም። «የሰውን ሁሉ ዚፕ ስትጠግን የራሷን አፍ ረሳችው» እያለ ለደንበኞቹ ያማቸዋል፤ እሳቸው እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ያላቸው አንድ ልጅ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ቢባልም፣ አንድ ብቻ ወልዶ እንዲህ መዥጎርጎር ግን አልታየም፤ ልጁ ጭምት፣ ታጋሽ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ተማሪው መኪናውን ወስዶ ግድግዳ ላይ ሲያሳርፍለት «ጥሩ ነው፤ አሁን ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ማርሹን ወደ ኋላ» ይላል። ቤት ውስጥ እንኳን ሚስቱ ሾርባው ላይ ጨው ስታበዛ ቀኝ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን መያዙ ነው። እማማ ዚፕ መናገር ከጀመሩማ እግሩን ከወለሉ አያነሳም።

ይህ ልጅ ታመመ። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። ኬሞ ተሰጠው፣ ፀጉሩ ረገፈ፣ ዕጢው ሟሸሸ፣ ፀጉሩ በቀለ፣ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተመለሰ፤ ከዚያ በሽታው አገረሸ። እማማ ዚፕ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው አንድም ሰው ሳይመክሩ ዋሉ። ጫማ ሰፊው ደንግጦ «አመመሽ ወይ?» ሊላቸው ተነሥቶ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታሉ ገና በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት አለ ብሎ ጠራቸው። ልጁ፣ መምህርት የሆነችው ሚስቱና እማማ ዚፕ ተያይዘው ሄዱ። የተቀበለቻቸው ዶክተር ገና ወጣት ናት፤ ነገር የማስረዳት ፍቅር አለባት። ወንበር ላይ የተቀመጠው ቦርሳዋ ግን ዚፑ ተፈልቅቆ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እማማ ዚፕ ይህን ካዩ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻሉም። የሰው ሕይወት የሚያድን እጅ በመርፌ ቁልፍ ሲወጋ ዝም ብሎ ማየት ግፍ ነው። ቦርሳውን ቀስ አድርገው ወደ ጭናቸው ሳቡ፣ ከኪሳቸው ፒንሳ አወጡና ሥራ ጀመሩ።

እሳቸው ከዚፑ ጋር ሲታገሉ ዶክተሯ ዋናውን ነገር ተናገረች። በዕጢው ውስጥ ግንደ ሕዋስ የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳት አሉ፤ ሌሎቹን ሁሉ የሚያፈሩት እነሱ ናቸው አለች። የበፊቱ መድኃኒት ብዙዎቹን ሕዋሳት ሲገድል እነዚህ ተኝተው አለፉት፤ ነገር ሲረጋጋ ተነሥተው እንደገና ተባዙ። አዲሱ መድኃኒት የተቋጠረው በዓይን በማይታይ ከረጢት ውስጥ ነው። ናኖ የሚባለው ይሄው እጅግ ጥቃቅኑ ነገር ነው፤ በአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ስንቱ ተሰልፎ ይቆማል። ከረጢቱ ግንደ ሕዋሷን በላይዋ ባለው ምልክት ለይቶ ይጣበቅባታል፣ እዚያው ተከፍቶ መድኃኒቱን ያራግፋል። ገና እየተጠና ስለሆነ ይድናል ብዬ ቃል አልገባም ብላም ጨመረች። ከዚያ፣ ነገሩ እንዲቀልላቸው ብላ፣ ግንደ ሕዋሷን «እናትየዋ» እንበላት፣ ሌሎቹን ደግሞ «ልጆቹ» አለች። ልክ በዚህ ጊዜ ነበር የዚፑ ራስ ተፈናጥሮ ጠረጴዛ ሥር የገባው። እማማ ዚፕም ጎንበስ ብለው እሱን ፍለጋ ሄዱ።

ቀና ሲሉ የሰሙት ይህን ነው።

«የበፊቱ መድኃኒት ልጆቹን ነው የፈጀው» አለች ዶክተሯ። «ይሄኛው የሚፈልገው እናትየዋን ብቻ ነው።»

እማማ ዚፕ ፒንሳውን አስቀመጡ።

ዶክተሯ ቀጠለች። እናትየዋ ተንኮለኛ ናት አለች። ትደበቃለች፣ ሳትሞት የሞተች መስላ ትተኛለች፣ መድኃኒቱ በልብሷ እንደሚለያት ስታውቅ ልብሷን ትለውጣለች፣ የሰጧትን መድኃኒት መልሳ ትተፋለች። እሷ አንዷ ከቀረች ቤቱ መልሶ ይሞላል፤ እሷ ከሄደች ግን ልጆቹ ውለው አድረው ራሳቸው ይጠፋሉ። በዚህ በመጨረሻው ነገር እማማ ዚፕ ተስማሙ፤ እናት የሌለችበት ቤት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ቅር ያላቸው አነጋገሩ ነው። የተማረች ልጅ፣ የሰው እናት ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ እያየቻት፣ «ተንኮለኛ» ትላለች? ደግሞስ መድኃኒት መትፋታቸውን ማን ነገራት? አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሽሮፕ የተፉት፤ እሱም ሬት ሬት ስላላቸው ነው።

ዞር ብለው ልጃቸውንና ምራታቸውን አዩ። ሁለቱም በተስፋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናትየዋ ትጥፋ ሲባል ደስ ያላት ምራታቸው ብቻ ብትሆን ባልገረማቸው ነበር። የልጃቸው ግን ልባቸውን አቆመው። ቆይተው «አልገባውም ማለት ነው» አሉ በሆዳቸው። ድሮም ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ቢገባውማ እሺ አይልም ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው እማማ ዚፕ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁት።

«እናትየዋ አጠገቡ ካለችስ?»

ዶክተሯ ጥሩ ጥያቄ ነው አለች። «አጠገቡ ካለችማ ገና ሲገባ የሚያገኘው እሷን ነው። ላይዋ ላይ ተጣብቆ የያዘውን ሁሉ ያራግፋል።»

«ለሌላ የሚተርፍ የለውም?»

«የለውም፣ እማማ። እዚያው ያልቃል።»

አንድ ጊዜ ቢጠይቁ ያተረፉት ይህን ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እያዩ አሰቡበት። ሞት አላስፈራቸውም፤ ልጄን የሚያድንልኝ ከሆነ ይውሰደኝ ብለው በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ ለምነዋል። ያስፈራቸው ሌላ ነው። መድኃኒቱ ምስኪን፣ በዓይን የማይታይ ፍጡር ነው፤ «እናት» ከተባለ የበሽታዋን እናት ከልጁ እናት በምን ይለያል? ልጃቸው አጠገብ ከተቀመጡ እሳቸው ላይ ተጣብቆ ያለውን ሁሉ አራግፎ ያልቃል፣ ያቺ ተንኮለኛ ግን አንጀቱ ውስጥ ተኝታ ትስቃለች። ለልጃቸው ቢነግሩት ደግሞ እናቴን የሚፈልግ መድኃኒትማ በደሜ አይገባም ይላል። ስለዚህ ለእሱ ሳይነግሩ መራቅ ነው። እንዴት እንደሚደበቁ ደግሞ ዶክተሯ ራሷ አንድ በአንድ ነግራቸዋለች። እማማ ዚፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐኪም ቃል በትክክል ሊፈጽሙ ቆረጡ።

በማግስቱ ፍራሻቸውን አሸክመው ከልጃቸው ቤት ወጡ። ጉልበቴን ስላመመኝ ከሱቄ አጠገብ መሆን ይሻለኛል አሉ። የተከራዩት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምራታቸው ደረጃውን ቀና ብላ አየች፣ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን አየች።

ቀጥሎ ልብስ መጣ። ለዓመታት ከላያቸው ያልወረደውን ቢጫ ሹራብ አውልቀው አጥፈው አስቀመጡና ጫማ ሰፊውን የሥራ ካፖርቱን አውሰኝ አሉት። እሱ ምክንያቱን ካልሰማ አልሰጥም አለ። መቼም ሚስጥር ለአንድ ሰው ካልነገሩት ሚስጥር አይሆንም፤ ነገሩት። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀምጦ በጥሞና አዳመጠና እንደ ባለሙያ አሰበበት። ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው አላቸው፤ ማስቲሽም እንደዚያ ነው፣ አንዴ የማይሆን ቦታ ከያዘ ለሌላ አይተርፍም። መድኃኒቱ አሽትቶ የሚለይ ቢሆን እንኳ እንዳያውቃቸው ካፖርቱን በጫማ ቀለም አሸላቸው። አንድ ሞኝ አገር ያጠፋል ይባላል፤ ሁለት ሆነው ሲመካከሩ የሚሆነውን ማን ያውቃል።

«እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም» አለ ካፖርቱን ሲሰጣቸው።

«እሱን አትበል» አሉ እማማ ዚፕ፣ ደረታቸውን ይዘው።

ለካ ይህ «እናት» የሚባል ቃል መንገዱን ሞልቶታል። ረዳቱ አውቶቡሱ አልሞላም ለማለት «እናቴን!» እያለ ይምላል። ተማሪው ተደናቅፎ «እናቴ!» ይላል። አትክልት የምትሸጠዋ ሴት ደንበኛዋን ሁሉ፣ ጢም ያለውንም ጭምር፣ «እናትዬ» ትላለች። እማማ ዚፕ ከዚህ በፊት አንዱንም ሰምተው አያውቁም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ እንደ መርፌ ይወጋቸው ጀመር። ከእንግዲህ እማማ የሚለኝ ዚፑን እንደተፈለቀቀ ይዞ ይሄዳል ብለው አወጁ። «እትዬ» በሉኝ አሉ። መንገዱ ግራ ተጋባ። ከአፉ የሚያመልጠው ስለበዛ፣ በዚያ ሰሞን ያ ሰፈር ሱሪውን በገመድ ያሰረ ሰው ይታይበት ነበር።

ልጃቸው ግን ይደውላል። መድኃኒቱን ወስዶ በመጣ ቁጥር ይደክመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ እንደዚያ ሲሆን ደግሞ ሰው ዕድሜው ስንትም ቢሆን የሚፈልገው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሲደውል «እማዬ» አለ፤ ስልኩን ዘጉበት። መድኃኒቱ በስልክ ይመጣል ብለው አልነበረም። ገና በደሙ ውስጥ እየዞረ እናትየዋን ሲፈልግ ጌታው ራሱ «እማዬ» ሲል ቢሰማስ? ደግሞ ሲደውል ድምፃቸውን አጎርንነው ተሳስተዋል፣ ይህ የዚፕ ሱቅ ነው አሉት። ልጁ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። በሦስተኛው ግን አልሳቀም፤ ይቅርታ ብሎ ራሱ ዘጋው። እማማ ዚፕ ስልኩን በካፖርቱ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ካፖርቱ እስኪርስ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እማማ ዚፕ ምግብ ላኩ፣ ጎረቤት ላኩ፣ የእሱን ጃኬት አስመጥተው ደህና የነበረውን ዚፕ አውጥተው የተሻለ ቀየሩለት። ራሳቸው ግን ዝር አላሉም።

አንድ ቀን ምራታቸው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። እጇ ገና የጠመኔ ዱቄት አለበት። የምትናገረውን መንገድ ላይ ስትደረድር የመጣች ትመስል ነበር፤ እማማ ዚፕን በወንድ ካፖርት፣ የጫማ ቀለም እየሸተቱ ስታገኛቸው ግን የደረደረችው ሁሉ ጠፋባት።

«ነገ አልሄድም ብሏል» አለች። «በቃኝ፣ ሁለተኛ ያንን መድኃኒት አልወስድም ብሏል።»

እማማ ዚፕ ለምን አላሉም፤ እንደምታውቁት ጥያቄ ትተዋል።

«እናቴ ቁርጡን አውቃለች ነው የሚለው» አለች ምራታቸው። «እናት ታውቃለች፤ እንደማልድን ገብቷት ከአሁኑ ልትለምደው ነው የሸሸችኝ፣ እሷ ተስፋ ከቆረጠችብኝ እኔ ምን አለፋኝ ይላል። እኔ ምን ልበለው? እኔም እኮ የሸሹበትን አላውቅም።»

  ለሰው ሁሉ መልስ የሞላቸው ሴትዮ፣ ያቺ ልጅ ፊታቸው ቆማ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር፣ የያዙትን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመሩ። ምራታቸው ጥቂት ጠብቃ ሄደች። 

ጫማ ሰፊው ከወዲያ ማዶ ሁሉንም ሰምቷል። ሲያስር የነበረውን ክር በጥርሱ በጠሰና፣ ለአንድ ጊዜ ሳይቀልድ ተናገረ።

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ» አላቸው። «አንቺ ወንዝ ነው የወረድሽው። እሱ ግን በምን ይወቅ?»

በማግስቱ እማማ ዚፕ ሆስፒታል ሄዱ። ካፖርቱን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የጫማ ሰፊውን ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በጭምብል ሸፍነው ነበር። የበሩ ጥበቃ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ሽማግሌ መስለውት «አባባ፣ ወዴት ነው?» አላቸው። በዚህ በጣም ተበረታቱ። ሰውን ካሳሳተ መድኃኒቱንም ያሳስታል።

ልጃቸው ከምራታቸው ጋር ነበር። አልሄድም ቢልም ዶክተሯን አመስግኖ ልሰናበት ብሎ መጥቷል፤ እንደዚህ ያለ ጨዋ ነው። ሕመምተኞች ተጋድመው መድኃኒት በሚወስዱበት ረጅም ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ተቀምጧል። ከስቷል። አንገቱ ከጃኬቱ አንገትጌ ውስጥ እንደ እርሳስ ቆሟል። ሲስተሯ መድኃኒቱን ከግሉኮሱ መስቀያ ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች፣ ዶክተሯ ታባብላለች፣ ምራታቸው ግድግዳ ታያለች።

እማማ ዚፕ ራቅ ብለው ቆሙና ድምፃቸውን አጎረነኑ።

«መድኃኒትህን ውሰድ» አሉ።

ሁሉም ዞሩ። ዶክተሯ ማን እንደሆኑ ጠየቀች።

«አክስቱ ነኝ።»

«እናቴ እህት የላትም» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከባርኔጣው ሳይነቅል።

«በአባትህ በኩል ነኝ።»

«አባቴም እህት የለውም።»

እማማ ዚፕ ለዚህ አልተዘጋጁም ነበር። ሌላ ዘመድ ሲፈልጉ ልጃቸው ከወንበሩ ተነሣ። ወደ እሳቸው ሁለት ሦስቴ ተራመደና ጭምብሉን ቀስ ብሎ ከፊታቸው አወረደው።

«እማዬ» አለ።

በመዳፋቸው አፉን ያዙት። እጃቸውን አልገፋውም፤ በሁለት እጁ ይዞ አወረደው፣ ከዚያም አለቀቀውም።

«እውነቱን ንገሪኝ። እንደማልድን አውቀሽ ነው የሸሸሽኝ?»

እማማ ዚፕ የተሰቀለውን መድኃኒት አዩ። ውሃ ይመስላል፤ አንድም ክፋት አይታይበትም። የልጃቸውን እጅ አዩ፣ አጥንቱ ሁሉ ይቆጠራል። ባርኔጣውን አወለቁ፣ ካፖርቱን አወለቁ። ከሥሩ ያው ቢጫ ሹራብ ነበር፤ ጠዋት በርዷቸው ደርበውት ነው። ከዚያ ልጃቸውን ይዘው ወስደው ወንበሩ ላይ አስቀመጡትና ራሳቸው ከጎኑ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ተጠግተው ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ ልጄ» አሉ። «መጠኑን እጥፍ አድርጊልኝ።»

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን ነዋ። እናቶቹ ሁለት ነን። አንደኛው እኔን ይምታና ይለቅ፣ ሁለተኛው ያቺን ተንኮለኛ ፍለጋ ይሂድ። እኔ ከእንግዲህ ከልጄ አጠገብ አልነሣም፤ መድኃኒት ስለሚያልቅ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ ይሁን።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሳይቀሩ ወደ እሳቸው ዞሩ። ዶክተሯ ቀስ ብላ የትኛዋ ተንኮለኛ፣ የምን መምታት ብላ ጠየቀች። እማማ ዚፕም የተጠራቀመውን ሁሉ አፈረጡት፦ የሚፈልገው እናትየዋን ብቻ መሆኑን፣ አጠገቡ ካለች ላይዋ ላይ እንደሚያልቅ፣ ልብሱን፣ ስልኩን፣ ሦስተኛውን ፎቅ፣ ጉልበታቸው ደህና እንደነበርና አሁን ግን በደረጃው ምክንያት በእውነት እንደታመመ። ዶክተሯ መጀመሪያ አፏን ያዘች። ቀጥሎ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ፊታቸው ቁጢጥ ብላ፣ እናትየዋ ያለችው ዕጢው ውስጥ ያለችውን ሕዋስ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ከልጃቸው ሰውነት ወጥቶ ማንንም እንደማይነካ፣ ስምም እንደማይሰማ፣ ልብስ ያለችው ያችኑ ሕዋስ የሚሸፍናትን ነገር እንደሆነ፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል አስረዳቻቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ልጁ ነው። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አንጀቱን አመመውና «ኧረ አታስቁኝ» እያለ ደግሞ ሳቀ። ምራታቸው እየሳቀች ታለቅሳለች፣ የጎረቤቱ ሕመምተኛ ግሉኮሱ እስኪወዛወዝ ይንፈቀፈቃል። እማማ ዚፕ ግን አልሳቁም። ተቆጡ።

«እናት ልጇን አትበላም» አሉ። «ታዲያ እናት ያላችኋት በምን ሥራዋ ነው?»

 መጽሐፉ ግንድ ነው የሚለው፣ እናት ያልኩት እኔ ነኝ አለች ዶክተሯ። ግንድማ ጥሩ ነው፣ ግንድ ይቆረጣል፤ ለሚመጣው ሕመምተኛ ግንድ በይ ብለው መከሯት። ግንድ ካልገባውስ ብላ ስትጠይቅ ምራታቸው ዓይኗን እየጠረገች «አማት ይበሏታ» አለች። እማማ ዚፕ ዞር ብለው አዩዋት፣ ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ የዚያን ቀን የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቁ።

ልጁ የጃኬቱን ዚፕ ከፈተና እጅጌውን ሰበሰበ። ሲስተሯ መርፌውን አስገባች። መድኃኒቱ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ይሥራ አይሥራ ዶክተሯም አላወቀችም፤ ከወራት በኋላ ነው የሚታወቀው አለች፣ ይህንም ስትናገር ከዓይናቸው አልሸሸችም። እማማ ዚፕ ሁሉ ነገር ገብቶኛል ብለዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ጠብታ ቱቦውን ጨርሶ ወደ ልጃቸው ክንድ ሲገባ፣ ትንፋሻቸውን ያዙና ትከሻቸውን ከትከሻው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አራቁት።

ልጁ ተሰማው። በነፃው እጁ ስቦ መልሶ አስጠጋቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ መንገድ ለሚፈሩ ተማሪዎቹ በሚናገርበት በዚያ በለዘበ ድምፅ ተናገረው።

«ይቺ እናቴ ናት» አለው። «ቀስ ብለህ እለፋት። ካለፍካት በኋላ ቀጥ ብለህ ሂድ።»

እማማ ዚፕ ጠብታው ላይ እንዳፈጠጡ ቆዩ።

«ደግመህ ንገረው» አሉት። «አልሰማ ይሆናል።»